ቀዳዳው

ከብረት ፋብሪካው ጭስ በታች፣ ሃሚልተን፣ ባርተን ጎዳና ላይ፣
የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ አለን፤ መስኮቱ ሐይቁን የማያይ።
እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፤ ፔትሪ ዋጋ ቆራጭ።
በሩ ላይ ቃጭል አለ፤ ገዢም ይግባ ሻጭ
አንዴ ነው የሚጮህ።

የካቲት ነበር፤ ሐሙስ።
ዞርካ የምትባል አሮጊት ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፤
ከአንገቷ ክር ፈትታ መስታወቱ ላይ አኖረች
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወርቅ።
«ይህቺ መልአክ እናቴን ከሁለት ጦርነት አወጣች» አለች።

አራት ግራም ከሩብ። ጠርዙን መቀስ የቀማመሰው፣
ከሮማ ወርቅ የኋለኛው፣ ከመስቀል ዘመን የደረሰው።
ፊቱ ላይ ንጉሥ፦ የራስ ቁር የደፋ፣ ጦሩን በትከሻው ያጋደመ፤
ጋሻው ላይ ከምስር ያነሰ ፈረሰኛ፣ ወድቆ የተኛ ጠላት ላይ የቆመ።
«ጊዮርጊስ!» ልል ነበር። ምላሴን ይዤ ዝም አልኩ፤
ያኔ ፈረሱም ጦሩም ለሌላ ሰው ነበር ልኩ።

ጀርባው ላይ ባለ ክንፏ፣ ረጅም መስቀል ይዛ።
ፔትሪ በአጉሊ መነጽሩ፦ «መልአክ እንኳ አይደለችም፤
ድል የምትባል ጣዖት ነበረች፤ ስሟን እንጂ ክንፏን አልቀየረችም።»
ዞርካ ሳቀች። «ስም መቀየር ምን አለበት?
እኔም ሦስቴ አግብቻለሁ።»

ከዚያ ቀዳዳውን አየ።
«ግማሽ ዋጋውን በላው» አለ፤ «የምስማር ሥራ፣ የማይረባ።»
እኔ በክሩ አንጠልጥዬ ከመብራቱ ሥር ሳስገባ
መልአኳ ቀጥ ብላ ቆመች።
አዞርኩት።
ንጉሡ ቁልቁል ተዘቅዝቋል፤ የቁሩ ላባ ወለል ይጠርጋል።

አቀራረጹ እንዲህ ነው፤ የአንዱ ራስ የሌላው እግር።
መጀመሪያ የበሳችው ሴት መምረጥ ነበረባት፦
ማን ይቁም? ማን ይዘቅዘቅ?
ከመልአኳ አናት በላይ ምስማር ተክላ መታች።
ስሟን ማንም አላተመው፤
የዓለሙን ጌታ ግን ደረቷ ላይ በእግሩ ሰቀለች።

ቅኔ የለመደ ዓይኔ ሰሙን ሲፈልግ ነበረ፤
ይህ ወርቅ ሰም የለውም፣ በመዶሻ ነው የተነገረ።

ዞርካ ሸጠችው። ማሞቂያዋ ተበላሽቷል፤ የካቲት ዱቤ አያውቅም።
ዶላሩን ሁለቴ ቆጠረችና፦
«ክሩን መልሱልኝ» አለች፤ «እሱን አልሸጥኩም።»

ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ «ጉዳት፦ የተበሳ»።
ማታ፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ በቀይ ከፋዩ ላይ
ንጉሡ እንደ ልማዱ አናቱን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል።
ፔትሪ ኮቱን እስኪደርብ
በአንድ ጣቴ አዞርኩት።