የወጌሻው ቁርጭምጭሚት

በሐምሌ አጋማሽ፣ እንጅባራ፣ ጉሙ መሬት ሲስም፣
«የካርታ ሩጫ አለ» አሉኝ፤ ሰምቼም አላውቅ ያን ስም።
እኔ የማውቀው ካርታ፣ በፋኖስ ዳር የሚበወዝ፤
ይሄኛው ግን ጋራ አለው፣ ቡኒ መስመር፣ ሰማያዊ ወንዝ።
ሦስት ቀን ነው ውድድሩ፤ በዘንገና ዳር፣ በዲከረንስ ጫካ፣
ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል፣ ሯጭ ፈልጎ እንዲነካ።

የኔ ሥራ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ፋሻ፣ በረዶ፣ ቅባት፣
ደግሞም አርባ ዓመት ሲያሽ የኖረ ጣት።
ይርሳው ወጌሻ እባላለሁ፤ ከባንጃ እስከ ዳንግላ
ያላሸሁት የለም፤ የሰው ባት፣ የፈረስ ኋላ።

በመጀመሪያው ጧት፣ በካፊያው፣ ሁሉም ከፊቴ ቆሞ፣
«ልጆቼ፣» አልኩ፣ «የሐምሌ ሣር ይስቃል፣ ጉድጓዱን በሆዱ ተሸክሞ።
ሳትሟሟቁ አትፈትለኩ፤ ብርድ የያዘው ጅማት
እንደ ደረቀ ጠፍር ነው፤ ይበጠሳል በአንድ ምት።
ማታ ጨዋታ አታርዝሙ፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሲከዳ፣
ገደሉን አንብቦ ይላችኋል ‹ሜዳ›።
ዝናብ አለ ብላችሁ ውኃ አትርሱ፤ የሰማዩ ለእርሻ፣
የኮዳው ነው ለሯጭ ድርሻ።
ካልሲ ቀይሩ፤ እርጥቡ ውኃ ያስቋጥራል ተረከዝ፣
ሳማ ቢለበልባችሁ ቻሉት፤ ማከክ ያመጣል መዘዝ።
ካርታ ስታነቡ ቁሙ፤ ስትሮጡ እግራችሁን እዩ፤
ሁለቱን ባንዴ ያሉ፣ ከጉልበታቸው ተለያዩ።
ከሁሉ በላይ ክራችሁን እሰሩ፤ ድርብ ቋጠሮ፣ ጥብቅ፤
ያልታሰረ ክር እባብ ነው፣ ከታች ሆኖ የሚጠብቅ።»

ሳቁ። ፊሽካው ተነፋ። ዲከረንሱ አንድ በአንድ ዋጣቸው።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም፤
ጥላነሽ ብቻ እሾህ ነበራት፤ በመርፌ አወጣሁት፣ ብዙም አልደማም።
ማታ እሳት ዳር፣ ድንች በሚጥሚጣ እየበሉ፣
ስለ ያበጠ እግር አወጋኋቸው፤ «እሺ፣ እሺ» አሉ።
ሁለተኛውም ቀን አለፈ፤ በረዶዬ ቀለጠ፣ ሳይነካ።
እውነቱን ልናገር? ቅር አለኝ፤
ያልተፈለገ ወጌሻም ያዝናል ለካ።

ሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ ወረደ፣ ሲያቀልጠው መሬቱን፤
ሲነጋ ሜዳው ቅቤ ነበር፤ በቅሎ እንኳ ፈራው አቀበቱን።
እንዳላማው የሚሉት ልጅ፣ የቡሬ፣ በጎን የሚስቅ፣
መነሻው መስመር ላይ ቆሟል፤ የግራ ክሩ ተፈቷል፣ ልብ አይል፣ አያውቅ።
«ክርህን!» አልኩ። አልሰማም። «አንተ! ክርህን እሰር!»
ጣቴን ወደ እግሩ ቀስሬ ዘለልኩ ከድንኳኑ በር።
የኔን እግር ማን ይየው?
ዓለም ተገለበጠ፤ ሰማዩ ከታች፣ ጭቃው ከላይ፤
አርባ ዓመት የሰው አጥንት ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮዬ
የራሱን ሰማ፦ ቀጭ! ... ዋይ!

ማንም አልሳቀም። እሱ ነው የባሰው።

እንዳላማው መጣ። ሰዓቱ እየተቆጠረ ነው፤ ሌሎቹ ጫካ ገብተዋል፤
ተንበርክኮ ፋሻዬን ፈታ፤ እጁ ጭቃ ነው፣ ግን ያውቃል።
«ከፍ ያድርጉት፣» አለኝ፣ «አይነቅንቁት፤ በረዶ ይቀመጥበት፤
ዛሬ አይታሽም፤ ያበጠ እግር አይቸኮልበት።»
ጉድ! ቃሉ የኔ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ፣ እሳት ዳር የሰጠሁት፤
እንደ ብድር፣ ከነወለዱ፣ ጭቃ ላይ ተቀበልሁት።
ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ሳላዝዘው ክሩን ሁለቴ ቋጠረ፤
ካርታውን አየ፣ ቆሞ፤ እግሩን አየ፤ ቀስ ብሎ
ከጉሙ ጋር ተሻገረ።
ስንተኛ እንደወጣ አልጠየቅሁም። ሲመሽ በሁለት እግሩ ተመለሰ።

አሁን ቤቴ ነኝ፤ እግሬ ትራስ ላይ፣ እንደ ሹም ተቀምጧል፤
ካርታውን ለመታሰቢያ ሰጥተውኛል፤ ዓይኔ ሲፈልግ ያመሻል፦
ዘንገና ክብ፣ ሰማያዊ፤ ጋራው ቡኒ፤ ጫካው አረንጓዴ፤
የወደቅሁበት ግን የለም፤ ሁለቴ ፈለግሁ፣ ከዚያም ሌላ አንዴ።
ካርታ ጋራውን እንጂ፣ ጭቃውን መች ያውቃል።
ጎረቤት መጥቶ «ምን አገኘህ?» ሲለኝ፣ «ፈረስ ጣለኝ» እላለሁ፤
አንተ ግን፣ ይህን ያነበብህ፣ ክርህን እይ፤
አደራ እልሃለሁ።