ስድስት እስኪመጣ

አራት ቤት ነው ሰሌዳው፤ አራት ቀለም በር፣
በየቤቱ ውስጥ አራት አራት ጠጠር።
ደንቡ ቀላል ነው፦ ስድስት ካልመጣ
ከቤትሽ አንዲትም ጠጠር አትወጣ።

እኛም አራት ነን። ሙሐረቅ፣ አንድ ጠባብ መንገድ፤
በመስኮት ስንተያይ፣ ሳንገናኝ ስንላመድ።
እኔ ቢጫ፣ የወርቅ ነጋዴው ቤት፤
ሽታዬ ቀይ፣ የመንታ ሕፃናት ሞግዚት፤
ጦይባ ሰማያዊ፣ የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ጠባቂ፤
ሉባባ አረንጓዴ፦ ዝምተኛ፣ አዋቂ።

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ የመጨረሻው ሳህን ሲደርቅ፣
ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ድምፁ እንዳይርቅ፣
ዳይሱን እንነካዋለን፤ ይሽከረከራል፤
ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ማን ያውቃል?

እኔ የዕድል ሰው ነኝ። አልክድም።
ደላላው ፓስፖርቴን ከክምሩ ሲስብ
እጁ ትንሽ ወደ ግራ ቢያዘነብል
ይሄኔ ሪያድ ነበርኩ፤ ወይ ቤይሩት፤ ወይ የትም።
እመቤቴ ደግ ናት። የማዕዘኑ ቤት ግን…
ይህን ማን አሰበው? ማን ደመረው? ማንም።

ሉባባ ትስቅብኛለች፣ በድምፅ መልእክት፣ በሹክሹክታ፦
«ዕድል ቁጥሩን ይሰጥሻል እንጂ ጠጠሩን አይመርጥልሽም፤
አንቺ ስድስት ባየሽ ቁጥር ትሮጫለሽ በደስታ፣
ከኋላሽ ማን እንደቆመ ዞር ብለሽ አታዪም።»

ሐይቅ ከተማ ነው ያደገችው፤ አባቷ የታወቀ ገበጣ ተጫዋች።
«ገበጣ ላይ ዕድል የለም፤ እጅሽ ያውቃል» ትላለች፣
«ስንት እንደዘገነ፣ የት እንደሚያልቅበት።»
ሉዶንም እንደዚያው። ኮከብ ላይ ትቀመጣለች። ትጠብቃለች።
ከተከታይዋ ሁልጊዜ ሰባት እርምጃ ትርቃለች፤
«ዳይስ ሰባት የለውም።»

ሐሙስ ሌሊት ነው። ሉባባ እየመራች፣
ሦስቱን አስገብታ አንዷ ብቻ ቀርታት፣
ተራዋ ደረሰ። በፎቶዋ ዙሪያ ያለው ቀለበት
ቀስ እያለ ማለቅ ጀመረ።
አልነካችውም።
ሽታዬ ጻፈች፦ «ተኛሽ እንዴ?»
ጦይባ፦ «ኔትወርክ ይሆናል።»
እኔን ክፉ ክፉው ታየኝ፤
ሌሊት ልብን ክፉ ይቀድመዋል።

ቀለበቱ አለቀ። ማሽኑ ተረከባት።
ስሟ እንዳለ ነው፤ እጅ ግን የለባት።
ያለ ሐሳብ ወረወረ፦ ስድስት። ደገመ፦ ስድስት።
እሷ ብትሆን የማታደርገውን፣ ከኮከቡ ወጣ፤
ከሽታዬ ፊት ሦስት እርምጃ፣ ከእኔ ፊት አንዲት፣
ራቁቱን ቆመ። ወረወርን። ለማናችንም አልመጣ።
ገባ። አሸነፈ።
የሌለችዋ ሴት ዘውድ ደፋች።

ያኔ ነው በመስኮት ያየሁት።
የአረንጓዴዋ በር (እውነተኛው በር ቡናማ ነው) ተከፈተ፤
በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ከዚያ ሾፌሩ፣
ከዚያ ሉባባ። ጫማዋ አዲስ ነበር።
ቀና አለች ወደ መስኮቴ፣ ሁለት እጇን አነሳች፦
አምስት ጣት። ሁለት ጣት።

ለካ ቀን ስትቆጥር ኖራለች፤ ውሏ ያለቀው ያን ዕለት፤
ትኬቱን ከወር በፊት አስቆርጣ፣ ለማንም ሳትነግር፣
ከእኛም ሰባት እርምጃ ርቃ።
ግን እመቤቷ ፓስፖርቱን ባትመልስስ?
ያ ፈራሚ ያን ጠዋት ከሚስቱ ተጣልቶ ቢመጣስ?
ሽታዬ «የማርያም ሥራ ነው» ትላለች፤ ጦይባ «ስሌት ነው እንጂ»፤
እስካሁን አልተስማሙም።
አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ሊነኩ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፣
ቁምሳጥን ውስጥ ብርጭቆው እስኪንጫጫ።
የትኛው የሷ እንደነበር አላውቅም።

ዛሬ በአረንጓዴው ወንበር ማሽኑ ተቀምጧል።
ተራዬ ነው።
አንድ ጠጠር መንገድ ላይ፣ ሦስቱ ቤት።
ነካሁት። ተሽከረከረ። ስድስት።
የወጣችውን ልግፋ? ያልወጣችውን ላውጣ?
ቀለበቱ ግማሽ ደርሷል፤ ጣቴ መስታወቱ ላይ ነው፤
ማሽኑ ይጠብቃል፣
እኔን ሆኖ ሊጫወት።