ቀሪ አንድ

ሚዙዬ፣ ጠይቀሽኝ ነበር፣ በዓሣው ፋብሪካ በር ላይ፣
ጓንታችንን እያወለቅን፣
“ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሊገባ ነው፣ ምን ልጠብቅ?” ስትይ፤
ደወሉ ጮኸብን እንጂ፣ ሳንጨርሰው ተለያየን።
ይኸው አሁን ልንገርሽ፣ የናጊሳን ዓመት አይቼ፣
የረሳሁትን ረስቼ፣ ያልረሳሁትን አንሥቼ።

መጀመሪያ ቦርሳው ነው፤ ካምናው ይልቅ ይከብዳል፤
“ሳይንስ” የሚሉት ይመጣል፣ “ኅብረተሰብ” ይከተላል፤
ጥቁር ቀለም፣ ወፍራም ብሩሽ፣ አሮጌ ጋዜጣም ይጠየቃል።
በጽሕፈት ቀን ነጭ ሸሚዝ እንዳታለብሺው አደራ፤
በሳሙና ፈትጌያለሁ፣ በተቀቀለ ሩዝም ጭምር፣
እስከ ዛሬ አለች ነጥቧ፣ እጅጌው ላይ እንደ ኪንታሮት ተሰክራ።

በግንቦት የጎመን ቅጠል ከነትሉ ቤት ይገባል፤
ከእራትሽ ጎመን ላይ ለትል ግብር ይቆረጣል።
እኛ ቤት አራት ነበሩ።
ሦስቱ ክንፍ አውጥተው በመስኮት በኩል በረሩ፤
አንዱ ከነሽፋኑ ደረቀ።
ናጊሳ ሁለት ቀን ዝም አለች፤ የኔም አፍ ቃል እየራቀ፣
ምን እንደምላት ሳጣ፣ የክፍል ጫማዋን አጠብኩላት፤
ሳይቆሽሽ፣ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ማታ፣ ቆሜ በባልዲ ፊት።

ከዚያ የፕላስቲኩ ዋሽንት አለ። ጎረቤት ይቅርታ ጠይቂ፤
ለሦስት ሳምንት “ሲ” ብቻ ነው፤ ሌላ ዜማ አትጠብቂ።
በአራተኛው “ላ” ይጨመራል፤
ሰው በሁለት ድምፅ እንዴት ነው እንዲህ ሀብታም የሚመስል?

በሰኔ ከተማዋን በእግር ዞረው ካርታ ይሠራሉ፤
ፖስታ ቤቱን፣ በረዶ ቤቱን፣ ወደቡን ቀለም ይቀባሉ።
የኔዋ ወደቡን አልፋ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣
ቀስት ሠርታ “አባባ በዚህ በኩል” ብላ ጻፈች ወደ ውጭ፣ ወደማይታይ።
መምህርት ኦጊኖ “ካርታው እዚህ ያበቃል” አላሉም፤
በቀይ ከበቡላት ብቻ። ልክ ነው ማለት ነው። ሌላ አልጨመሩም።

አሁን ወደ ማካፈሉ ልምጣ።
ባሌ የቱና መርከብ ላይ ነው፣ ታውቂያለሽ፤
ዐሥር ወር በሰው ባሕር፣ ሁለት ወር በኛ ጓዳ።
የወላጆች ቀን በር ላይ፣ በካትሱሚ ስም ፊት ለፊት፣
“ቀሪ” ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ለምዶታል፣ እንደ አምና እንደ ካቻምናው ዓመት።
ገብቼ ከኋላ ብቆም፣ ሰሌዳውም ላይ ያው ቃል፤
“ዐሥራ አንድ ብስኩት ለአራት ልጅ፤ ሁለት ሁለት ይደርሳል፤
ቀሪ ሦስት።”
ሳቄ መጣ፣ በመሐረብ አፈንኩት።

ያን ማታ ሰባት ሰርዲን ጠበስኩ፤ እኔ፣ እሷና አማቴ።
“ሰባት ለሦስት፤ ሁለት ሁለት፤ ቀሪ አንድ” አለች ልጅቷ፤
ዓይኔ ሳላዘው ሄደ ወደ ባዶው መቀመጫ ትራስ፤ አየችኝ መሰለኝ እሷ።
“እማዬ፣ ቀሪ ሁልጊዜ ከአካፋዩ ያንሳል፤
ከበለጠማ አልጨረስሽም፤ እንደገና ይካፈላል።”
ሕጉን ነው የነገረችኝ፣ ከመጽሐፏ፣ ቃል በቃል፤
ሌላ ነገር አላሰበችም፤ በአፏ ሩዝ ሞልቷል።
እኔ ግን ቆጠርኩ።
እኛ ሦስት ነን። የጎደለው አንድ።

አማቴ ቀሪዋን ሰርዲን አንሥታ ዋጥ አደረገቻት፤
“ድመት ከሚበላት” አለች፣ አጥንቷን ሳትተፋት።

እና ምን ትጠብቂ? እንጃ፤ አሮጌ ጋዜጣ አጠራቅሚ።
ደግሞ ማዕዘኑ ጋ፣ ከቀዩ የፖስታ ሣጥን ፊት፣ እጅሽን ይለቃል፤
ጓደኞቹ እንዳያዩ ነው፤ አትያዢው፣ ይቸኩላል።
ብቻ መዳፍሽን ወዲያው ኪስሽ ውስጥ አትክተቺው፤
አንዳንድ ቀን፣ ዝናብ ሲሆን፣
ይመለሳል።