የቀይ ጨርቅ መዝገብ

ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ሰጠኝ፣
«የሻሙክጋንጅን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፍ» አለኝ።
ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩኝ፣
መደመር አያቅተኝ፤ ታሪክ ግን ቸገረኝ።

ከስሙ ልነሳ። ሻሙክ ቀንድ አውጣ ነው፣ ጋንጅ ገበያ ነው፤
ቀንድ አውጣ ሲሸጥ ግን ማን ነው ያየው?
ሽማግሌ ሲያወጋ፦ አንድ የጨው ጀልባ በደለል ላይ ቀርቶ፣
ጌታው ሲነቃ ጨው የለም፤ ወንዙ አድሯል ጠጥቶ።
አንዲት ከረጢት ተርፋ፣ እሷን ሊያተርፍ
ዳስ ጥሎ ተቀመጠ ከባንያኑ ዛፍ።
እንግዲህ ይህ ከተማ የተወለደው
ከአንድ ሰው ኪሳራ፣ ጨው ከበላው ውኃ ነው።

ከዚያ ጁት መጣ፦ ኩሬ ውስጥ የከረመ፣ የበሰበሰ፣
ታጥቦ ሲሰጣ ግን ጎሕ የለበሰ።
ሴቶቹ እስከ ወገብ ውኃ ውስጥ ቆመው ሲልጡ ይውላሉ፣
ማታ ሽታውን ይዘው መኝታ ይገባሉ።
የሩቅ አገር ስንዴ፣ የሩቅ አገር ስኳር
ራቁቱን አይጓዝም፤ ጆንያው ከኛ ነበር።

ሚዛን ያዡ ኒባራን ሳሃ ሲቆጥር ያዜማል፣
«አንድ» አይልም፤ «በረከት» ብሎ ይጀምራል።
ጀልባ ቀዛፊው ታሚዙዲን ፊደል አልቆጠረም፣
ዜማው ቢሰርቅ ግን ጆሮው አይሰረቅም።

በሚያዝያ፣ ዓመቱ ሲታደስ፣ አዲስ መዝገብ ይወጣል፣
በቀይ ጨርቅ ይለበጣል፤
ባለዕዳ ይጠራል፣ ጣፋጭ ይጎርሳል፣
ያለውን ይከፍላል፣ የቀረው ይጻፋል።
ጠቅልሎ የሚከፍል የለም፤ ነውር ነው።
ዕዳ የሌለበት ሰው
ተመልሶ ላይመጣ የቆረጠ ነው።

ከዚያ ያ ነሐሴ።
ካርታ ላይ መስመር ተሰመረ አሉ፤
እኛ ያየነው የጉንዳን መስመር ነው፤ እነሱ ዛሬም ያልፋሉ።
ኒባራን በሌሊት ሄደ። ሚዛኑን ተወው፣
ደጃፉን አልዘጋም፤ መዝገቡን ሆዱ ላይ አሰረው።
ያሻገረው ታሚዙዲን ነው።
ዋጋ ሲጠየቅ፣ ቀዘፋውን ሳያቆም፣
«ከዕዳዬ ቀንሰው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

በኋላ ወንዙም ሄደ። እሱን ያባረረ የለም፣
በሰባት ክረምት ሦስት ኪሎሜትር ሸሸ፤ ዞር ብሎ አላየንም።
የመርከቡ ወደብ ሩዝ ማሳ መሀል ቆሟል፣
የብረት ቀለበቱ ላይ ፍየል ይታሰራል።

ዛሬስ? አንድ ባንክ፣ ሁለት መስጊድ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ መቅደስ፣
የሐሙስ ገበያ፤ መብራት በፈለገው ሰዓት የሚመለስ።
የታሚዙዲን የልጅ ልጅ፣ ሞክሌሱር፣
ፕላስቲክ ከረጢት ይሸጣል በኒባራን በር።

ትናንት አንዲት ሴት መጣች፣ ፓስፖርት በእጇ፣ ማሎቢካ ሳሃ፣
መዝገብ አወጣች፤ ቀዩ ጨርቅ ገርጥቷል፣ የጡብ እጣቢ ውኃ።
ገጹን ገለጥን፦ «ታሚዙዲን፦ አሥራ አንድ ሩፒ ከአራት አና።
ይቀነስ፣ ለማሻገሪያ፦» ከዚያ ባዶ፤ ቀለም አልነካው ገና።
ሁለቱም እኔን አዩኝ፣ የሒሳብ መምህሩን፤
መነጽሬን ጠረግሁ፤ አላወቅሁም ስንት መሆኑን።

ሞክሌሱር ጣፋጭ አስመጣ፤ ስለ አያቶቻቸው ጥቂት አወሩ፣
ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ብለው ዝንብ አባረሩ።
ልትሄድ ስትል ዝናብ ጣለ፤
መዝገቡን ልትሸፍንበት ከረጢት ገዛች።
ሃያ ታካ ነው ዋጋው። ቦርሳዋ ውስጥ ገንዘብ አይቻለሁ፤
«ጻፍብኝ» አለች።

እሱ ደብተር የለውም፤ በስልክ ነው የለመደው።
የማዘጋጃ ቤቱን ነጭ ገጽ አቀበልኩት፤
እዚያ ላይ ጻፈው።