ጥቅል ጎመን

ከጋንዲ ሆስፒታል ስንወጣ ካፊያ ነበረ፣
ዘበኛው በሩን ከፍቶ «እንኳን ማርያም...» ብሎ ጀመረ፣
ክንዷን አየ፣ ክንዴን አየ፣ ቃሉን ጉሮሮው ላይ አሰረ።

እኔ የያዝኩት ፔርሙስ ነው፣ ፌስታል፣ የወረቀት ክምር፣
ቢጫዋ ብርድ ልብስ ከነእጥፋቷ፣ እንደተገዛች ነበር።

ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ዞር ብሎ አየንና ሬዲዮኑን ዘጋ፤
በፍልውሃ ዞረን፣ ብሔራዊ ትያትርን አልፈን፣ ሰንጋተራ ስንጠጋ
«ቀስ በል ወንድሜ» አለችው።
ቀስ አለ።

ሊፍቱ ከፋሲካ ጀምሮ ቆሟል፤ ሰባተኛ ፎቅ ነው ቤቷ፣
በየመታጠፊያው አረፍን፤ በየደረጃው ቆጠቆጣት ስፌቷ።
ስድስተኛው ላይ እትዬ አሰገደች ብቅ ብለው ከበራቸው
«ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ እሱ ይተካል» አሏት፤ ክፋት የለም በቃላቸው።
እኔም ትናንት ብያታለሁ፣ ይኸንኑ፣ አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጬ፤
እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣች፤ ዝም አልኩ የቀረውን ውጬ።

ዕድሩ ድንኳን አልተከለም። ሄጄ ጠይቄ ነበር።
«ክርስትና ያልተነሣ፣ ስም ያልወጣለት፣ በምን ልጻፈው?» አሉ
ጸሐፊው አቶ ወልደሰንበት። እስክሪብቶ ከደኑ፣ መነጽር ወለወሉ።
ጡሩንባ አልተነፋ፣ ንፍሮ አልተቀቀለ፣ ሠልስት የሚባል የለ፣
ሰው መሞቱን ሰው እንዲያውቅ የተሠራው ሥርዓት ሁሉ
ደጇ ሲደርስ ወደኋላ አለ።

ባሏ ይልቃል ጋላፊ ኬላ ነው፤ መኪናው ከሰልፍ ተይዞ፣
ይደውልና ዝም ይላል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፣ ደንዝዞ።

በሦስተኛው ሌሊት ወተቷ መጣ።
ለገላዋ መርዶ ያረዳው የለማ፤
ቀጠሮውን አክብሮ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ፣ ልጅ ፍለጋ ወጣ።
ቀሚሷ ረጠበ። ባንና ተነሣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣
«ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ለማን ልስጠው?»
መልስ አጣሁ፤ ሌሊቱም እንቢ አለ ሊነጋ።

ነርሷ ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩ፤ ተረኛ ናት፣ አልተኛችም፤
«ጥቅል ጎመን» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ቅጠል አድርጊበት፣
ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ፣ እንዳታልቡት። ይደርቃል፤ ግን ዛሬ አይደለም።»

ማለዳ፣ ሜክሲኮ ላይ ወያሎች ገና ሲጣሩ፣
ጉሊት ወረድኩ፣ ባለጉሊቶቹ ሸራቸውን ሳይወጥሩ።
«ለአልጫ ነው?»
«አይ፣ ጓደኛዬ... ወተቷ...»
ቀና ብላ አየችኝ።
ሴት ናት፣ ገባት፤ ትልቁን፣ ጤዛ ያለበትን መርጣ ሰጠችኝ።

ቅጠል በቅጠል ገነጠልኩ፣ ጅማቱን በጠርሙስ ዳመጥኩ፣
ነጠላዬን ለሁለት ቀድጄ ደረቷ ላይ ጠመጠምኩ።
ወደ ታች አየችው። «እንግዲህ» አለች፣ «ጎመን በሥጋ ሆንኩ።»
ሳቀች፤ በእውነት ሳቀች። «ጎመን በጤና ይሉ የለ?»
እኔም ሳቅሁ፤ ፈርቼ ሳቅሁ።

ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። ከዚያ የሆነውን መጻፍ አልችልም፣
ብቻ ጮኸች፤ አራት ቀን ሙሉ ያልወጣውን።
እኔም «አይዞሽ» አላልኩም።

ከታች ተሰማ። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣
እንደ ፊቱ ምንም ሳይሉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።
ከአምስተኛው ፎቅ አንዲት ሴት መጣች፣ ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም፤
ከዘጠነኛው ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ገና ቦርሳዋን አላወረደችም።
ክፍሏ ስትጠብ ኮሪደሩ ላይ ተደረደርን፤ ዝናቡ በጎን ሲመጣ
አንድ ጎረምሳ ላስቲክ ወጠረልን፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ።
ድንኳን ብሎ የጠራው የለም።

አመሻሹ ላይ እትዬ አሰገደች ጠጋ አሉና፣ በጆሮዋ፣
«ማን ልትይው ነበር?» አሏት።
ነገረቻቸው።
ደግመው ጠሩት፣ አንዴ፣ ቀስ ብለው፤
ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ እየተቀባበሉ።

እኔ ተነሥቼ ፍሪጁን ከፈትኩ።
ደረቷ ላይ ያለው ቅጠል ሞቆ ጠውልጓል፣
ሌላ ቀየርኩላት።