አሥር እግር

ሌዳሞ ጀልባውን ሳያስር በገመድ፣
ከአሞራ ገደል ዳር ጮኸ እንደሚያብድ፦
«ወፍ አየሁ!» ይላል፣ «አሥር እግር ያለው፣
ቅጠል እየረገጠ ሐይቅ የሚሻገረው!»

አሳ የሚበልቱት ቢላ ይዘው ሳቁ፣
አባ ኮዳዎቹም አንገት ነቀነቁ፤
«አረቄው ነው የቆጠረው» አለች ሹኔ፣ የሾርባ ድስቷን ከድና፤
እሱ ግን ማለ፣ እጁን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ እንደገና።

እኔ ደግሞ ሻይ ቤት፣ ከቴሌቪዥን ፊት፣
ሦስት ልብ ያለው ፍጥረት ከባሕር ጥልቀት፣
ሆዱ የሚታይ፣ መስታወት የመሰለ እንቁራሪት፣
ስንቱን ጉድ አምኜ ከማላውቀው ሀገር፣
የሌዳሞን አሥር እግር ለምን ልጠራጠር?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከጀልባው ጫፍ ተቀመጥኩ፤
ጉማሬ ያለበትን ዞርን፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ከታቦር ጀርባ ፀሐይ አንድ ጣት ስትወጣ፣
ከቄጠማው ስንጥቅ ያ ወፍ ብቅ አለና መጣ፦
ግንባሩ ሰማያዊ፣ ከአንገቱ ሥር ወርቅማ፣
ጣቱ የሸረሪት፣ ሲረግጥ የማይሰማ።

ቆጠርኩ። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት... አሥር ሞላ።
ሁለቱ ይራመዳል፤
ስምንቱ ከክንፉ ሥር ተንጠልጥሏል ሌላ።

ከዚያ ክንፉን ላላ አደረገ፤
አራት ጫጩት፣ አንድ በአንድ፣
ቅጠሉ ላይ ዱብ፣ ዱብ።

«አባትየው ነው» አለ ሌዳሞ፣ መቅዘፊያውን ገትቶ።
«በምን አወቅህ?» ብለው ዝም አለ፣ ውሃውን አይቶ።

ከመረቡ አጠገብ፣ ከባዶ እግሩ ጎን፣
በመረብ ክር የተሰፋ የልጅ ጫማ
ተደርድሯል፤
ስምንት እግር።