ለአምስት ሰው

ካርድሽን አገኘሁት ከመሳቢያው ጥግ፣
ጠርዙ ቅባት ጠጥቶ፣ ቀለሙ ሊለቅ ሲፈልግ።
«ሥጋና ድንች፣ ለአምስት ሰው» ይላል የእጅሽ ጽሑፍ፤
ከሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበት፦ «ክዳኑን አትንካ! እረፍ!»
ይህቺ «እረፍ» የኔ ናት፤ ለሌላ አትሆንም፣
በየሩብ ሰዓቱ ክዳን የሚያነሣ ሌላ ሰው የለንም።

ከሄድሽ ወዲህ፣ ናድያ፣ ቆርቆሮ ስከፍት ነው የከረምኩት፤
ሰኞ ሾርባ፣ ማክሰኞ ባቄላ፣ ረቡዕ የሰኞውን ደገምኩት።
ዛሬ ግን ገና ሳይነጋ ተነሣሁ።

ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ይላል፤
የኩሽናው መስኮት ከውስጥ በኩል በረዶ አብቅሏል።
ሳስካችዋን እንዲህ ነው የሚነጋው፤ ሜዳና ሰማይ ሳይካለል፣
ከነጩ መሀል ቀዩ የስንዴ ጎተራ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

ድንቹን ላጥኩ።
ልጣጩ ወፍሮብኝ ግማሹ ባልዲ ገባ፤
«ኦረስት ድንች ሲልጥ» ትይ ነበር «የጎረቤት አሳማ ሰባ!»
ድንቹ ከሥር ይሁን፣ ሥጋው ከላይ፣ ብለሻል፤
ለምን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ እያወቅሽ ትተሽኛል።
ቆይቶ ገባኝ። ድንች ከሥጋ ይልቅ ልበ ደንዳና ነው፣
ከእሳቱ ጎን ካላደረ ማንም አያበስለው።
እኔን ዐርባ አንድ ዓመት ከጎንሽ ያስተኛሽኝ
ለካ ለዚህ ኖሯል። እስቲ በሰልኩ ወይ? ንገሪኝ።

ሥጋውን ዱቄት አልብሼ መጥበሻው ላይ ብጥለው
የጣሪያው የጢስ ደወል ጮኾ ቤቱን አሸበረው።
ወንበር ላይ ወጥቼ በሽርጥሽ አራገብኩ፣ አራገብኩ፤
ጸጥ ካለም በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ማካፈል መጣ፤ የአምስቱን ወደ አንድ።
ሥጋው ይከፈላል። ካሮቱም። ጨውና ጦስኙ በግምት።
ይህቺን አንዲት የደረቀች ቅጠል ግን ለአምስት እንዴት ልክፈላት?
ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ በቶን ሲሸጥ የኖረ ሒሳብ
ቅጠል ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ሳብ ቢሉት የማይሳብ።
ተውኩት። ሁሉንም ጨመርኩት፣ እንዳልሽው፣ የአምስት ሰው፤
የኤሌክትሪኩን ድስት ከደንኩት፣ ሶኬቱን ሰካሁት። ስምንት ሰዓት ነው።

ስምንት ሰዓት!
የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል፤ እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።
ክዳኑ ከውስጥ ላብ ቋጠረ። አየሁ። አልነካሁም። ሄድኩ። ተመለስኩ።
ቀትር ላይ ሽታው ደረጃውን ወጣ፣
የልጆቹን በር በየተራ አንኳኳ፤
የታራስን፣ ካልጋሪ ነው፤
የሌስያን፣ ወልዳለች፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላለች፤
የማርኮን፣ ስልክ አያነሣም።
ማንም ሳይከፍትለት ወርዶ ወደ ኩሽና ተመለሰ፣
እንደኔ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠ።

አመሻሽ ላይ ቢጫ መብራት ግድግዳው ላይ ተሽከረከረ፤
የበረዶ መጥረጊያው መኪና ደጄ ላይ ተሰብሮ ቀረ።
ቨርና ገባች ጫማዋን እያራገፈች፣ ከኋላዋ ኮልተን፣
ሥራ የምታለማምደው ልጅ፣ ጆሮው በብርድ ቲማቲም መስሎ።
«መካኒኩ ከከተማ እስኪመጣ...» አለች፣ አልጨረሰችም፤
አፍንጫዋ ቀድሟት ድስቱ ጋ ደርሷል።
ሳትጠይቀኝ ክዳኑን አነሣችው!
ስምንት ሰዓት የታገሥኩትን፣ ናድያ፣
በአንድ እጇ፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ።

በላን። ሥጋው ሹካ ሲያይ ይፈርሳል፤ ድንቹም በመጨረሻ ተረታ።
መረቁን በዳቦ ጠራረግን፣ ስለ መኪናው ማንም አላነሣ።
ኮልተን የአንድ ሰው በላ፣ እኔም የአንድ፣
ቨርና የሦስት። የድስቱ ሥር ታየ።
ሒሳብሽ ልክ ነበር።

ቅጠሏ ኮልተን ሳህን ላይ ወጣች፣ ሙሉዋን፣ ሳትከፈል።
በሹካው ጫፍ አንሥቶ «ይሄ ይበላል?» አለኝ።
እኔ እንጃ፣ አልኩት፤
ናድያ ናት የምታውቀው።